ፔርሲዳና የጎተራው ጀርባ

ፔርሲዳ ራዲሺን በሃያ ስድስት ዓመት የሥራ ዘመኗ ሁለት መቶ አሥራ አንድ የበቆሎ መፈልፈያና መለያ ማሽኖችን ፈትናለች፤ ከእነዚህ መካከል «ወደድኩት» ያለችው አንድም አልነበረም። ይህን የምለው ላማት ብዬ አይደለም። መውደድ ሥራዋ አልነበረም፤ ሥራዋ መቁጠር ነበር። አገራችን ገና ዩጎዝላቪያ ትባል በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ለባናት ሜዳ ገበሬዎች የሚቀርብ ማናቸውም የእርሻ መሣሪያ አስቀድሞ በመፈተኛ ጣቢያው በኩል ማለፍ ነበረበት፤ መሣሪያው በቆሎ የሚነካ ከሆነ ደግሞ በጣቢያው ማለፍ ማለት በፔርሲዳ ጣቶች መካከል ማለፍ ማለት ነበር። ሚኒስትሮች ተሾሙ፣ ተሻሩ፤ የጣቢያው ኃላፊዎችም እንደዚሁ። በመስኮቱ ሥር የተቀመጠው የፔርሲዳ ነጭ ሳህን ግን ከቦታው ንቅንቅ ብሎ አያውቅም።

ወደ ጣቢያው የገባችው በጽዳት ሠራተኝነት ነበር። አንድ ቀን ከሙከራ በኋላ አንድ ኢንጂነር የተሰበሩትን ፍሬዎች ቁጥር ጮክ ብሎ ለጸሐፊው ሲያስጽፍ፣ እሷ መጥረጊያዋን ተደግፋ ትሰማ ነበር።

«ጓድ ኢንጂነር፣ ሰባት ነው ያሉት?»

«ሰባት።»

«ማሽኑ ሥር የወደቀውንስ ቆጥረውታል? እሱን ገና አልጠረግኩትም።»

ኢንጂነሩ አልቆጠረውም ነበር። በማሽኑ ሥር የተገኘው ሃያ ሦስት ሆነ። በማግስቱ መጥረጊያዋን ተቀብለው ወረንጦ ሰጧት፤ ብልህ መሥሪያ ቤት ነበር፣ ቢያንስ በዚያ ቀን።

አሠራሯ ለተመልካች ቀላል ይመስላል። ከማሽኑ መውጫ ከተቀዳው በቆሎ ላይ አራት መቶ ፍሬ ትቆጥራለች፤ አረንጓዴ ቀለም በተበጠበጠበት ውኃ ውስጥ ትነክረዋለች፤ ከዚያም ታጥበዋለች። ጤነኛው ፍሬ ሲታጠብ እንደ ቀድሞው ቢጫ ሆኖ ይወጣል፤ ቆዳው የተሰነጠቀው ግን አረንጓዴውን በስንጥቁ ውስጥ እንደያዘ ይቀራል። ይህን ሁሉ ፍሬ አንድ በአንድ በወረንጦ እያገላበጠች ትለያለች፤ ከዚያ ሌላ አራት መቶ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ አራት መቶ። ዓይን የማያየው ስንጥቅ ያለበት ዘር መሬት ውስጥ ይበሰብሳል እንጂ አይበቅልምና፣ ለዘር የሚሆን በቆሎ የሚፈለፍል ማሽን ከመቶው ፍሬ ከአምስት በላይ ከሰነጠቀ ወድቋል ማለት ነው። ከፈለፈለ በኋላ ደግሞ ትልቁን፣ መካከለኛውንና ትንሹን ፍሬ በየመውጫው መለየት ይጠበቅበታል፤ መዝሪያው መሣሪያ በአንድ ቀዳዳ አንድ ፍሬ ብቻ እንዲጥል ፍሬው እኩል መሆን አለበት። ከዚህ ሥራ የተነሣ የፔርሲዳ ጣቶች ዓመቱን ሙሉ እስከ ሁለተኛው አንጓ አረንጓዴ ነበሩ። ገበያ ላይ የሚያገኟት ሁሉ ጣቷን አይተው «ዛሬስ ማንን ጣልሽ?» ይሏታል። እሷም «እኔ አልጥልም፤ እነሱ ናቸው የሚወድቁት» ትላለች።

አላገባችም። በሠላሳ አራት ዓመቷ አንድ ሚስቱ የሞተችበት፣ ደልደል ያለ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ሊያጫት መጥቶ እንደነበር ይነገራል። እጅ መንሻ ያመጣው አንድ ከረጢት ባቄላ ነበር። ሰውየው ስለ ጡረታ መብቱ ሲያስረዳት፣ እሷ እጇ ሥራ መፍታት አላውቅ ብሎ ባቄላውን ጠረጴዛው ላይ በሦስት ደረጃ ለይታ ጨረሰችው። እንግዳው ሦስቱን ክምር አየ፤ እሱ በየትኛው እንደሚመደብ ሳይጠይቅ ኮፍያውን አንሥቶ ሄደ። ፔርሲዳ ይህን ታሪክ ሲነግሯት አትክድም፤ «አንደኛ ደረጃው ብዙ ነበር» ብቻ ትላለች።

ፋብሪካዎች ሊያባብሏት ሞክረዋል። አበባ መጥቶላት ያውቃል፤ አንድ ጊዜም ሙሉ የአሳማ ታፋ በጢስ የደረቀ መጥቶላታል። የሚጠይቋት ሁሉ አንድ ነገር ነበር፤ ሙከራው ይደገም። መልሷም አንድ ነበር፤ አይደገምም። የጣቢያው ደንብ በአሥራ አራተኛው አንቀጹ መድገምን ይፈቅዳል፤ ለሙከራ የቀረበው በቆሎ የአካባቢውን በቆሎ የማይወክል ሆኖ ከተገኘና የናሙናው ኃላፊ፣ ማለትም እሷ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ካሰፈረች ብቻ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ይህን አንቀጽ ተጠቅማበት አታውቅም። የዶኚ ሳላሽ መንደር ብረት ሠሪ የጋቭራ ቴሌችኪ ማሽን እስኪመጣ ድረስ።

ጋቭራ ትከሻው የበር ስፋት ያለው፣ ንግግሩ ግን የቁልፍ ቀዳዳ የምታህል ሰው ነበር። ከአሮጌ መውቂያ ማሽን የወጣ ከበሮ፣ ከተጣለ ትራክተር የተነቀለ መዘውርና የገዛ ራሱን ሁለት ክረምት አገጣጥሞ አንድ መፈልፈያና መለያ ሠራ። የመለያውን ሲሊንደር አራት ሺህ ቀዳዳዎች በእጁ ነው የቦረቦራቸው። በአካባቢው ያለው የሰባት መንደር የኅብረት ሥራ ማኅበር ለዘር በቆሎው ማሽኖች ሊያዝ ተዘጋጅቶ ነበር፤ የጋቭራ ማሽን ፈተናውን ካለፈ ሁሉም በእርሱ ብረት ቤት ይሠራሉ፣ ከወደቀ ግን ከሩቅ ፋብሪካ ይታዘዛሉ፤ ብረት ቤቱም ይዘጋና ጋቭራ ከአራት ሠራተኞቹ ጋር በከተማው ወዳለው ጡብ ፋብሪካ ይዛወራል። ጋቭራ ስለ ጡብ ክፉ ተናግሮ አያውቅም። ስለ ጡብ ጨርሶ ተናግሮ አያውቅም።

ፈተናው እንዲካሄድ የተመረጠው በእማማ ዩልካ ግቢ ነበር፤ ግቢው ሰፊ፣ ጎተራዋም የመንደሩ ረጅሙ ስለሆነ። በጥር ወር የማኅበሩ የእርሻ ባለሙያ መጥቶ ከጎተራው ናሙና ወስዶ የበቆሎው እርጥበት ከመቶ አሥራ ስድስት መሆኑን ለክቶ፣ በወረቀት አስፍሮና ማኅተም አድርጎ ሄዷል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመረዳት የእኛን አገር ጎተራ ማወቅ ይበቃል። በባናት የበቆሎ ጎተራ በቋሚ ጣውላ ክፍተት አየር እንዲገባው ሆኖ የሚሠራ ረጅም ቤት ነው፤ ፊት አለው፣ ጀርባም አለው። ፊቱ በመንገዱ በኩል ያለው ነው። እዚያ ጣውላው ሥር የሚደረደረው በቆሎ ጥርሱ ያልጎደለ፣ የተመረጠ ነው፤ ምክንያቱም ሽማግሌ ሊልክ የሚያስብ ሰው በመንገዱ ሲያልፍ የሚያየው እሱን ነውና። ጀርባው ግን የቤት ገመና ነው። ጎረቤት የጎረቤቱን ጎተራ ጀርባ ከማየት የጎረቤቱን ሚስት በሌሊት ልብሷ ቢያይ ይቀለዋል።

እንግዲህ ከከተማ ኮሚሽን እንደሚመጣ በተሰማ ጊዜ አሥራ አንድ ሴቶች በዩልካ ቤት ተሰበሰቡ። ሁሉም የጋቭራ ባለውለታዎች ነበሩ፤ የድስት እጀታ ወይም የበር ማጠፊያ ያልበየደለት ቤት በመንደሩ አልነበረም። ከሰባት ጎተራ ፊት ለፊቱን ብቻ እየመረጡ፣ ርዝመቱና ውፍረቱ መንትያ የመሰለ ሁለት ሺህ የሚያህል የበቆሎ ራስ ለቀሙ። «እርጥብ በቆሎ ለእንግዳ አይቀርብም» ብለውም በዩልካ ትልቁ የጭቃ ምድጃ ላይና ዙሪያ ደርድረው እሳቱን ሳያቋርጡ አደረቁት። ለጋቭራ አልነገሩትም። ውለታ ከተነገረ ውለታ አይደለም።

ኮሚሽኑ የመጣው በየካቲት መጀመሪያ፣ በረዶው ገና ከመስኩ ባልለቀቀበት ጧት ነው። ሁለት ሰው ነበር፤ ሰብሳቢው ኢንጂነር ቪዶዬና ሣጥኗን የታቀፈችው ፔርሲዳ። ዩልካ የበዓል ጥቁር ሻሿን አስራ፣ አረቄና ዳቦ በትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ግቡ፣ ግቡ! አንድ አንድ ለጉሮሮ።»

«ከቆጠርኩ በኋላ ይሁንልኝ፣ እማማ» አለች ፔርሲዳ። «አሁን ከጠጣሁ አንዱ ፍሬ ሁለት ይሆንብኛል።»

«ይሁንብሽ! ለጋቭራ ይጠቅመው የለ?»

«የተሰበረውም ሁለት ይሆናላ።»

«እንግዲያስ ትሪውን መልሱት» አለች ዩልካ ወደ ሴቶቹ ዞራ፤ እነሱም ሳቁ።

ኢንጂነር ቪዶዬ በግቢው መካከል ወደተከመረው በቆሎ ቀረብ ብሎ ቆመ። ቁመቱ፣ ውፍረቱ፣ ወርቅማ ቀለሙ፤ በወንፊት የተነፋ ይመስል ነበር።

«ይሄ በቆሎ ነው ወይስ የቤተ ክርስቲያን ሻማ?»

«ተራ በቆሎ ነው፣ ጓድ ኢንጂነር» አለች ዩልካ፤ ድምፅዋ በኩራት ሊሰበር ደርሶ። «እኛ ጋ ሁሌም እንዲሁ ነው።»

ፔርሲዳ አንዱን ራስ አንሥታ በእጇ መዘነችው፤ ቀለላት፤ ቅንድቧ ትንሽ ከፍ አለ። ነገር ግን ወረቀቱ አሥራ ስድስት ይላል፤ ወረቀቱም ማኅተም አለበት። መለሰችና አስቀመጠችው። ይህች ቅጽበት በኋላ ራሷን የወቀሰችባት ናት።

ጋቭራ ሞተሩን አስነሣ። ማሽኑ መጀመሪያ ሳለ፣ ቀጥሎ አጉረመረመ፣ ከዚያ እንደ ሰማይ ነጎድጓድ ወጥ በሆነ ድምፅ መሥራት ጀመረ። የበቆሎው ራስ በአንድ በኩል ይገባል፤ ባዶው ቆረቆንዳ በሌላ በኩል ይወረወራል፤ ፍሬው ደግሞ ወደ መለያው ሲሊንደር ይወርዳል። ሦስት መውጫዎች ሥር ሦስት ጆንያ ተንጠልጥሎ ነበር። መካከለኛው ጆንያ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሞላ፤ ሌላ ተተካ፤ እሱም ሞላ። የግራውና የቀኙ ጆንያ ግን በዐቢይ ጾም ማብቂያ እንዳለ ሆድ ከጀርባቸው ጋር ተጣብቀው ቀሩ።

«ጓድ ጋቭራ» አለ ኢንጂነሩ ሞተሩ ሲቆም፣ «ይሄ መለያ ነው ወይስ ቧንቧ?»

ጋቭራ ወደ ሲሊንደሩ ጎንበስ ብሎ አራት ሺህ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ የሚጠይቅ ይመስል ያያቸው ጀመር።

ፔርሲዳ በዩልካ ትልቁ ክፍል፣ በመስኮቱ አጠገብ ሳህኗን ዘረጋች። ነከረች፤ አጠበች፤ ለየች። ሴቶቹ በሩ ላይ ተጨናንቀው ያያሉ። ከመጀመሪያው አራት መቶ፣ ሠላሳ ስድስት አረንጓዴ ወጣ። ከሁለተኛው ሠላሳ ስምንት። ከሦስተኛው ሠላሳ አራት።

«ከመቶ ዘጠኝ» አለ ኢንጂነሩ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ አስልቶ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ነገር ግን የዝይ ሾርባው ሽታ ከወጥ ቤት ይመጣ ነበር፣ ከመቶ ዘጠኝም ከመቶ ዘጠኝ ነው። «አላለፈም። አዝናለሁ፣ ጓድ ጋቭራ።»

ጋቭራ በሩ አጠገብ በነበረው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። አንዲት ቃል ተናገረ።

«ጡብ» አለ።

ፔርሲዳ ሣጥኗን ለመዝጋት አልተነሣችም። ከሳህኑ ላይ አንድ ጤነኛ ፍሬ አንሥታ ለመስኮቱ ብርሃን አሳየችው፤ አገላበጠችው፤ ከዚያም አፏ ውስጥ ከትታ በመንጋጋዋ ነከሰችው። ድምፁ ክፍሉ ውስጥ ላለው ሁሉ ተሰማ።

«እማማ ዩልካ፣ ይሄ በቆሎ የት ነው የከረመው?»

«የት ይከርማል? ጎተራ ነዋ!»

«የጎተራ በቆሎ በየካቲት ጥርስ ይመልሳል። ይሄ ከልክ በላይ ደርቆ እንደ ስኳር ተፈረካከሰ፤ እንዲህ የደረቀ ፍሬ በየትኛውም ማሽን ይሰነጠቃል።»

«ያንቺ ጥርስ ጠንካራ ሆኖ ነው» አለች ዩልካ፤ ግን ወደ ምድጃው ላለማየት አንገቷን በጣም ስላዞረች፣ ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሁሉ ወደ ምድጃው አየ። ፔርሲዳ ተነሥታ በምድጃው መደብ ላይ መዳፏን አሳለፈች። መዳፏ ላይ የበቆሎ ፀጉርና ቀላ ያለ የቆረቆንዳ እብቅ ይዛ ተመለሰች።

ጎረቤቷ ላቲንካ መቻል አቃታት። «ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው እኮ!»

«ላቲንካ፣ ምላስሽን ይቁረጠው!»

«ዘጠኝ ቀን?» አለ ጋቭራ ከበርጩማው።

«ለአንተ ብለን ነው እኮ፣ ጋሼ ጋቭራ» አለች ላቲንካ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «ከሰባት ቤት ነው የመረጥነው። አንድም ጠማማ የለበትም። ሁሉንም እኩል እኩል አድርገን...»

«እኩል!» አለ ጋቭራ። «መለያ ማሽን ነው የሠራሁት፣ እናንተ ለይታችሁ ሰጣችሁኝ? ደግሞ እኔን ለመቅበር ዘጠኝ ቀን አልበዛም? በሦስት ቀን ይሆን ነበር እኮ።»

ጋቭራ በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ሲናገር የሰማ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

ፔርሲዳ ወደ ኢንጂነሩ ዞረች። «አንቀጽ አሥራ አራት» አለች።

ኢንጂነር ቪዶዬ መነጽሩን አወለቀ። «እርስዎ ነዎት ይህን የሚሉት? ደግሞስ ሰው ምን ይላል፣ ጓድ ፔርሲዳ? የትውልድ መንደርዎ ከዚህ ሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ያን ሁሉ ፋብሪካ መልሰው፣ ለአገራቸው ልጅ ደገሙለት ይሉዎታል። ወረቀቱ ደግሞ አሥራ ስድስት ይላል።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ወረቀቱ የተጻፈው በቆሎው ጎተራ እያለ ነው። የሚሉትን ይበሉ፣ ጓድ ኢንጂነር፤ እኔ እስካሁን የፈተንኩት ማሽኑን አይደለም፤ የእማማ ዩልካን ምድጃ ነው። ምድጃው አልፏል።»

ችግሩ ግን ከዚህ በኋላ ነበር። አንቀጹ ለድጋሚ ሙከራ የሚቀርበው በቆሎ ከዚያው ግቢ ጎተራ፣ ከላይ፣ ከመካከልና ከሥር፣ ከፊትና ከጀርባ፣ ሳይመረጥ፣ ሰብሳቢው ራሱ እያየ እንዲወጣ ያዛል። ዩልካ ይህን ስትሰማ የጎተራዋን ቁልፍ ከሽርጧ ኪስ አውጥታ በጉያዋ ከተተችው።

«ጀርባውን? በሞቱት እምላለሁ! በሬሳዬ ላይ ካልተራመዳችሁ በቀር!»

«እማማ፣ ማንም የሚፈርድብዎ የለም» አለች ፔርሲዳ።

«ሳይፈርድ የሚያይ ሰው የት አገር ነው ያለው? እንግዳ ሲመጣ ቤት አይጠረግም?»

«ይጠረጋል። ግድግዳው ግን አይቀየርም።»

«እናትሽ እንዲህ አድርጋ ነው ያሳደገችሽ? የእሷንስ ጎተራ ጀርባ ለከተማ ሰው ታሳይው ነበር?»

 «እንኳን ለከተማ ሰው» አለች ፔርሲዳ፣ «ለእኔም አታሳየኝም ነበር። ዘራችንም በየዓመቱ ግማሹ አይበቅልም ነበር፤ ለምን እንደሆነ ያወቅነው እሷ ከሞተች በኋላ ነው።»

ዩልካ ቁልፉን በጉያዋ እንዳለ አጥብቃ ያዘች እንጂ አልሰጠችም። ያን ጊዜ ጋቭራ ከበርጩማው ተነሣ፤ ኮፍያውን አደረገ።

«ተያት፣ እትዬ ፔርሲዳ። በእኔ ምክንያት ሰው በገዛ ግቢው እንዲዋረድ አልፈልግም። እግዜር ይስጣችሁ፣ ለእኔ ብላችሁ ነው። ጡብም ሥራ ነው።»

«ዝም በል አንተ!» ብላ ዩልካ ጮኸች። «ጡብም ሥራ ነው ይለኛል ደግሞ! ማነው በፋሲካ ዋዜማ የምድጃዬን በር የበየደው? ጡብ ነው? ማነው ባለቤቴ ሲሞት የመቃብሩን መስቀል የሠራው?» ቁልፉን ከጉያዋ አውጥታ ለፔርሲዳ ሳይሆን ለኢንጂነሩ ወረወረችለት። «ይክፈቱት! ሁሉንም ይዩት! ከፈለጉም ይሂዱና በጋዜጣ ያውጡት!»

ጎተራው በጀርባው በኩል ሲከፈት የወጣውን በቆሎ እኔ አልዘረዝረውም፤ ዩልካ ራሷ ዘርዝራዋለች። ከቅርጫቱ ጎን ቆማ ለእያንዳንዱ ራስ ምክንያት ትሰጥ ነበር። «ይሄ ጠማማው የዝናቡ ጥፋት ነው። ይሄን የበላው አይጥ ነው፤ የጎረቤት አይጥ ነው፣ እኔ ጋ ድመት አለ። ይሄ ግማሽ ጥርሱ የረገፈው ደግሞ የባለቤቴ ወንድም የዘራው ነው፤ እሱ ራሱም እንዲሁ ነበር።» ፔርሲዳ ከሥር እስከ ላይ በመሰላል እየወጣች በየክንዱ ርቀት አንድ እፍኝ ራስ ታወጣለች፤ ሻጋታ ያቀላውንም፣ ሙሽራ የመሰለውንም እኩል። ኢንጂነሩ ከታች ሆኖ ቅርጫቱን ይቀበላል። ሦስተኛው ቅርጫት ላይ ሲደርሱ ሳቅ አመለጠው።

«ምን ያስቅዎታል?» አለች ዩልካ፤ ለጠብ ተዘጋጅታ።

«የእናቴ ጎተራ ከዚህ ይብስ ነበር። ከፊት ለፊቱ የምትደረድረውን ከአክስቴ ትበደር ነበር።»

«እናትዎ የት አገር ናቸው?»

«ከወንዙ ማዶ። ሦስተኛው መንደር።»

ዩልካ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «አይ አንተ! ታዲያ ከጧት ጀምሮ የከተማ ሰው መስለህ ምን ታስፈራራናለህ? በል ቅርጫቱን አንሣ፣ ወገብህ አይሰበርም!»

ማሽኑ ለሁለተኛ ጊዜ ተነሣ። በዚህ ጊዜ ድምፁ ወጥ አልነበረም፤ ወፍራሙ ራስ ሲገባ ያጉረመርማል፣ ቀጭኑ ሲገባ ይቀልለዋል፣ ጠማማው ሲገባ ይስላል። ነገር ግን ከሦስቱም መውጫዎች ፍሬ ይወርድ ነበር፤ ትልቁ በቀኝ፣ መካከለኛው በመሐል፣ ትንሹ በግራ። ሴቶቹ ሦስቱ ጆንያዎች ሲያብጡ ሲያዩ እንደ ሠርግ ቤት ማጨብጨብ ጀመሩ። ሊያልቅ ሲል በግራው መውጫ የሚወርደው ቆመ፤ የቆረቆንዳ ስባሪ ገብቶ ወትፎታል። ጋቭራ በጡጫው መታው፤ ፍሬው እንደገና ወረደ። ወደ ኋላው ሲዞር ፔርሲዳ በመዝገቧ ላይ እየጻፈች ነበር።

ቆጠራው እንደገና በመስኮቱ አጠገብ ሆነ። ሦስቱ ናሙናዎች በአንድ ላይ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ፍሬ ናቸው፤ ከዚያ ውስጥ እስከ ስልሳ ስንጥቅ ይፈቀዳል፣ ስልሳ አንደኛው ጡብ ነው። መጀመሪያው አሥራ ስምንት ሆነ። ሁለተኛው ሃያ ሁለት። ለሦስተኛው ሃያ ቀረው። ጋቭራ እስከ አሥር ሲቆጠር ቆሞ ሰማ፤ ከዚያ መቆም አቅቶት ወጣ። በመስኮቱ በኩል በበረዶው ላይ ሲመላለስ ይታይ ነበር። ላቲንካ ጣቶቿን በጥርሷ ይዛለች። አሥራ አምስት። አሥራ ስድስት። አሥራ ሰባት፤ ሳህኑም ባዶ ሆነ፤ ከወረንጦው ጫፍ ላይ ካለች አንዲት ፍሬ በቀር። ፔርሲዳ ፍሬዋን ለብርሃኑ አቀረበቻት። ከፀጉር የቀጠነች አረንጓዴ መስመር ነበረች፣ ወይም አልነበረችም።

«ጥላ ነው» አለ ኢንጂነሩ ጎንበስ ብሎ።

«ጥላ ነው!» አሉ ሴቶቹ ከበሩ ላይ፤ አንዷም ፍሬዋን ከዚያ ሆና ልታያት አትችልም ነበር።

ፔርሲዳ ፍሬዋን ከተሰነጠቁት ጋር አስቀመጠቻት። «አሥራ ስምንት» አለች።

ኢንጂነሩ ደመረ፤ ደግሞም ደመረ። «አምሳ ስምንት። ከመቶ አምስት አይሞላም።» ላቲንካ ቀድማ ወደ ግቢው ሮጠች፤ የሆነውን ሁሉ ከጩኸቷ የሰባቱ መንደር ሰው ሳይሰማው አልቀረም።

የቀረው ወረቀቱ ነበር። ፔርሲዳ በቀጥታ መስመር ጻፈች፤ መፈልፈያው አልፏል፤ መለያው አልፏል፣ ሆኖም ትንሹ ፍሬ የሚወጣበት መውጫ በቆረቆንዳ ስባሪ አንዴ ተዘግቷልና ማሽኑ ለማኅበሩ ከመቅረቡ በፊት ይስተካከል። ጋቭራ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ ከትከሻዋ በላይ ያነባል።

«እትዬ ፔርሲዳ፣ ይሄን ‹ተዘግቷል› የምትይውን... ‹ትንሽ አመነታ› ብትይው?»

«ማሽን አያመነታም፣ ጋቭራ። ተዘግቷል።»

«አንዴ ብቻ ነው እኮ።»

«አንዴ ብዬ ጽፌያለሁ።»

ወረቀቱ ላይ የቀረው ሙከራው የተደገመበት ምክንያት ነበር። ፔርሲዳ ብዕሯን አንሥታ ቆየች። ዩልካ በወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ የሾርባ ጭልፋ በእጇ ይዛ፣ ያንን ባዶ መስመር በሩቁ ታየው ነበር፤ ቀይ ፊቷ ከምድጃው ብቻ የመጣ አልነበረም። ፔርሲዳ ጻፈችና ወረቀቱን ወደ ኢንጂነሩ ገፋችው። እሱም ጮክ ብሎ አነበበ፤ «ለመጀመሪያው ሙከራ የቀረበው በቆሎ ከሚገባው በላይ ተከብሯል።»

«ጓድ ፔርሲዳ፣ ይህ የሙያ ቃል አይደለም።»

«ሌላ ይፈልጉልኝ። እውነት ይሁን፤ እማማንም አያሳፍር።»

ኢንጂነሩ ማኅተሙ ላይ ተነፈሰና አጥብቆ መታው። ዩልካ ገብታ ትልቁን ሳህን በፔርሲዳ ፊት አስቀመጠች፤ ከዝይዋ ምርጡን ክፍል ከላይ አድርጋ።

ሾርባው ሲቀዳ ጋቭራ ከገበታው ላይ አልተገኘም። ከግቢው የሞረድ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ይሞርዳል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ይሞርዳል። ኢንጂነሩ ስለ እናቱ ያወራል፤ ዩልካ ትስቃለች። ፔርሲዳ ግን ማንኪያዋን በአየር ላይ ይዛ ለድምፁ ጆሮዋን ሰጥታ ነበር።

«መውጫውን በጣም እንዳያሰፋው» አለችና ማንኪያዋን አስቀምጣ ተነሥታ ወጣች።